አያ ኦርዳን በወሎ አማርኛ

«ሚስቱን በረዶ ላይ ጥሎ የመርከቡን በር የዘጋ ሰው፣ ዘጠኝ ፊልም ሙሉ አንድ ሽማግሌ ሳይላክበት ይኑር?» አለ አራጌ ጋቢውን ትከሻው ላይ እያጣፋ። «ሰማይ ላይ ሽማግሌ የለም እንዴ?»

«ቢኖርስ በምን መንገድ ይሄድለታል?» አለችው ከጎኑ የቆመችው አልታየች። «አንተ እንኳ ወግዲ ደርሰህ እስክትመለስ ስንት ጎማ ታፈነዳለህ!»

በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀመር ክርክሩን ከአዳራሹ ውስጥ ትሰማለች። መሰላል ላይ ቆማ የነጩን አቡጄዲ ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ጋር እያሰረች ነበር፤ ቋጠሮው እየላላ አስቸግሯታል። የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ከአስር ሶላት በኋላ ይጀመራል ብላ አስነግራለች። ጄኔሬተሩ ገና ነዳጅ አልተሞላም፤ አግዳሚዎቹም አልተደረደሩም። ቢሆንም የደጁን ወሬ ስትሰማ ሳይታወቃት ፈገግ ትላለች።

ክርክሩ የምር ነው። አራጌ ከመካነ ሰላም ደሴ እህል የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ አልታየች በወረዳው ፍርድ ቤት ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሁለቱም «ረጅሟ መርከብ» የሚባለውን የባሕር ማዶ ፊልም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አንድ ሳያመልጣቸው አይተውታል። ታሪኩ ፀሐይ ስለሞተችበት ዓለም ነው። የተረፈው ሕዝብ በአንድ ግዙፍ መርከብ ተጭኖ በከዋክብት መሀል አዲስ መሬት ፍለጋ ይዞራል። የመርከቧ አዛዥ ኦርዳን ይባላል፤ ከተማው ግን ዕድሜውንና ሽበቱን አይቶ «አያ ኦርዳን» ብሎታል። ይህ ሰው ገና በመጀመሪያው ክፍል ጠላት ሲደርስበት ሚስቱን የበረዶ ጨረቃ ላይ ትቶ በሩን ዘጋ፤ ለልጆቹ ለኔላና ለካይም ደግሞ እናታችሁ ሞተች አላቸው። ሁለቱንም ለየብቻ እየጠራ፣ ሌላው ሳይሰማ፣ «ከእኔ በኋላ የመርከቧ መሪ ላንቺ ነው፣ ላንተ ነው» ብሎ ቃል ገባላቸው። ከዚያ ወዲህ ያ ቤት ሰላም አላየም። ልጅ አባቱን ምድር ቤት ቆለፈ፤ እህት ወንድሟን ከዳች፤ ሞተች የተባለችው እናት ጦር ይዛ መጣች።

በየፊልሙ የሚፈነዳው ፕላኔትና የሚተኮሰው ብርሃን ለመካነ ሰላም ሰው አጃቢ ነው። የሚያየው ቤተሰቡን ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ማንም ብድግ ብሎ አይሄድም፤ አግዳሚዎቹ ይዞራሉ፣ አንዱ የካይም ጠበቃ፣ ሌላው የኔላ ጠበቃ ይሆናል፣ ቃል ቀምቶ የሚናገር ይገሠጻል፣ በመጨረሻ ፍርድ ይሰጣል። መንገዱ ተዘግቶ ከተማው ባኮረፈበት ወራት እንኳ ሰው የድሮዎቹን ክፍሎች እየደጋገመ ለማየት ወደዚህ አዳራሽ ይመጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጣችው ቀመር ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የአያ ኦርዳን፣ የኔላ፣ የካይም፣ የእናታቸውና የጦር ሠራዊቱ ሁሉ አፍ ናት። የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ታደርግና ማይኩን ይዛ በአማርኛ ትናገራለች፤ ያውም በወሎ አማርኛ። መርከበኞቹ ሲገናኙ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋላችሁ» ይባባላሉ። የተቀጣጠለ ሞተር የሚያጠፋው ማሽን ለቆሰለው ወታደር «አብሽር፣ አይዞህ» ይለዋል። ኔላ ስትምል «ወላሂ» ትላለች። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን እነዚያ ሰዎች ሌላ ቋንቋ ይናገሩ እንደነበር ረሳው። ቀመር ስትናገር የምትቀዳው ድምፅ ከፊልሙ ጋር ተገጣጥሞ በቴሌግራም ይሄዳል፤ ከአጅባር እስከ ጅዳ የማይሰማው የሀገሯ ልጅ የለም ይባላል።

ድሮ ብቻዋን አልነበረችም። ወንዶቹን ሁሉ ታናሽ ወንድሟ ሳቢር ነበር የሚናገርላት። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ያለ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የሳቢርን ድምፅ ሰምቶ ወሰደው። እሷን አልጠሯትም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሱቅ ገብታ ሳሙና ስትገዛ ከግድግዳው ቴሌቪዥን ኔላ ስትናገር ሰማች። ቃሉ የራሷ ነበር፤ ሌሊት ተቀምጣ ያሰካካችው ዐረፍተ ነገር ነው። የወሎው ለዛ ብቻ ተነቅሎ ወጥቶ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት ለስልስ አድርጋ ትናገረዋለች። መጨረሻ ላይ «ትርጉም፦ ሳቢር አብዱልጀሊል» የሚል ጽሑፍ አለፈ። ቀመር ሳሙናውን ሳትይዝ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን አንስታለት አታውቅም።

ቋጠሮው ጠበቀላት። ከመሰላሉ ልትወርድ ስትል የደጁ ጫጫታ ድንገት ቀጥ አለ።

አልታየች አንገቷን በበሩ አስገባች። «ቀመር፣ ወንድምሽ መጥቷል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሳቢር ገባ። የሚኒባሱ አቧራ ጥቁር ኮቱን ግራጫ አድርጎታል። ወፈር ብሏል፤ ጢሙን ተላጭቷል።

«እታለም!» ብሎ ትከሻዋን ሊሳለም ተጠጋ።

ቀመር እጇን ብቻ ዘረጋችለት። «እንኳን ደህና መጣህ።»

እጇን ይዞ ግራ በመጋባት አያት። «ምነው? ታርቀን የለም እንዴ?»

«መቼ?»

«አባ ነግረውኛል እኮ! የዛሬ ዓመት በረመዳን ደውለው፣ እህትህ ከልቧ አፉ ብላሃለች፣ ይቅር ብላሃለች፣ ዱአም ታደርግልሃለች አሉኝ። ስልክ የማታነሺው ሥራ በዝቶብሽ ነው አሉኝ።»

«እኔን ያሉኝ ሌላ ነው» አለች ቀመር ዝግ ብላ። «አንተ ደውለህ፣ ድምፅህ እስኪዘጋ አልቅሰህ፣ እህቴ አፉ በይኝ እንዳልክ ነው የነገሩኝ። መልእክት አልቀበልም፣ ራሱ ይምጣ ብዬ ተውኩት።»

«አለቀስኩ?»

«እንዲያውም ተንሰቀሰቀ ነው ያሉኝ።»

ሁለቱም ለአፍታ ሳቅ አምልጧቸው ነበር፤ ግን ሳቁን የሚቀበለው አልተገኘም። ሳቢር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ቀመር መሰላሉን አጥፋ ግድግዳው ሥር አስደገፈችው።

«ታዲያ ምን አመጣህ?»

«ጣቢያው ልኮኝ ነው።» ኮቱን አራገፈ። «የመጨረሻውን ክፍል አንቺ እንድትናገሪላቸው ይፈልጋሉ። ያኛዋ ልጅ ለቃለች። ባትለቅም እኮ ሰዉ አልወደዳትም። ባቀረብን ቁጥር ከሥር የሚጻፈው ምን መሰለሽ? የመካነ ሰላሟ ሴትዮ ትሻላለች፣ የመካነ ሰላሟን አምጡልን ነው። ከቤሩት ይጽፋሉ፣ ከደሴ ይጽፋሉ፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ሳይቀር ያንቺን ነው የሚቀባበለው።»

ቀመር ፊቷን ወደ መጋረጃው መለሰች። ደረቷ ውስጥ የሞቀውን ነገር እንዲያይባት አልፈለገችም። ለአራት ዓመት ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳትል፣ በሕፃናት ለቅሶና በጄኔሬተር ጢስ መሀል ስትናገር ኖራለች። አሁን ጠሯት። ያውም እሱን ልከው።

«እንደምናገረው ነው የሚፈልጉኝ?» አለች።

«እንደዚያው ነው። ትንሽ መስመር ማስያዝ ብቻ። አብሽር አትበይ፣ አፉ አትበይ፣ ሰላምታውን ጤና ይስጥልኝ እናደርገዋለን። ለሁሉም እንዲገባ ብለው ነው።»

«ያልገባው ሰው ነው እንዴ የኔን የሚቀባበለው?»

ከበሩ በኩል የጉሮሮ መጥረጊያ ድምፅ ተሰማ፤ አባታቸው ሸህ አብዱልጀሊል ከመስጊድ መመለሳቸው ነው። ሸህ አብዱልጀሊል ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ቤታቸው ቁርአን ሲያስቀሩ ኖረዋል፤ በከተማው ግማሽ ያህሉ ሙስሊም ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ነው። አዳራሹ የሟች ሚስታቸው ወንድም የእህል መጋዘን ነበርና በቀመር ሥራ ገብተው አያውቁም፤ በዓርብና በሶላት ሰዓት ድምፅ እንዳይሰማ ብቻ ለምነዋት፣ እሷም እሺ ብላ ኖራለች።

ልጃቸውን አቅፈው ሳሙት፣ ዱአ አደረጉለት። ከዚያ የሁለቱን ፊት ሲያዩ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«አባ» አለች ቀመር፣ «ይኼ አለቀሰ ያሉኝ መቼ ነው?»

ሸህ አብዱልጀሊል ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ልቡ አልቅሷል።»

«እሱን ደግሞ፣ እህትህ አፉ ብላሃለች አሉት።»

«ልብሽ ሊለው ነበር፤ አፍሽ ነው የዘገየ።»

«አባ!»

«ለሱልሕ፣ ለእርቅ ብዬ ነው ልጄ» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ። «እናታችሁ ስትሞት ሁለታችሁን አደራ ብላኛለች። አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ ተኮራርፋችሁ ስትቀሩ ምን ላድርግ? ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ ባለሰልስ ይገጣጠማል ብዬ ነው።»

ቀመር ብዙ ነገር አፏ ላይ መጣ። ደጅ ያለው ሰው በሩን መታ። «ቀመር! አያ ኦርዳን ከነኃጢአቱ ሊሞትብን ነው፣ ክፈችልን እንጂ!» አለ አራጌ። ተነስታ ጄኔሬተሩን ልትሞላ ሄደች። ከኋላዋ ሳቢር ሳይጠሩት ኮቱን አውልቆ አግዳሚዎቹን መደርደር ጀመረ፤ የት የት እንደሚቀመጡ አልረሳም፤ ለሴቶች በቀኝ፣ ለወንዶች በግራ።

ያልጠበቀችው ነገር የሆነው ቤቱ ከሞላ በኋላ ነው። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነው፣ መጋረጃው ላይ የመጀመሪያው ኮከብ ሲበራ፣ አባቷ ገብተው ከአራጌ አጠገብ ተቀመጡ። ሰዉ ጠጋ ጠጋ አለላቸው።

«ሸህ፣ አንቱም?» አለ አራጌ ተገርሞ። «ታሪኩን ልንገርዎት እንግዲህ፣ ይኼ ሰውዬ ማለት...»

«አውቀዋለሁ» አሉ ሸህ አብዱልጀሊል። «ግድግዳው የጭቃ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። መልኩን ነው የማላውቀው።» ኦርዳን መጋረጃው ላይ ሲወጣ ትክ ብለው አዩት። «እኔ እኮ ሻሽ ያደረገ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ቀመር ማይኩን አንስታ ጀመረች። በዚያ ቀን ድምፅዋ ራሷንም ደስ አሰኛት። ካይምን በወፍራሙ፣ ኔላን በጥርት ባለው፣ እናትየዋን በዚያ በተሰበረው ድምፅ ስትናገር፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሻገር አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም። የሁለቱ መርከቦች ጦርነት ሲጀመር ጄኔሬተሩ ራሱ የጦርነቱ አካል መሰለ። ሳቢር በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ከንፈሩ ከካይም ጋር እየተንቀሳቀሰ ያያታል።

በልቧ ግን አንድ ቦታ ትፈራ ነበር። ፊልሙን ቀድማ አይታዋለች፤ መጨረሻው ላይ የሚመጣውን ታውቃለች። አያ ኦርዳን አርጅቶ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ሁለቱ ልጆቹ በግራና ቀኝ ቆመው፣ ሚስቱ በበረዶው ጨረቃ አጠገብ ካለው ከዚያኛው መርከብ ምስሏ እየታየ ትጠይቀዋለች። በሩን ስለዘጋህበት ቀን ምን ትላለህ? ነው ጥያቄው። መካነ ሰላም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የዚህን መልስ ሲጠብቅ ኖሯል። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ቦታ ስታስብ ሰንብታለች። ኦርዳን የሚለው መልካም ነገር አይደለም። ማይኩን የያዘችው እሷ ናት፤ አንድ ቃል ብትለውጥ ማን ያውቅባታል? አዳራሹ በእንባ ይታጠባል፣ አራጌም ፍርዱን ሰጥቶ ረክቶ ይሄዳል። አባቷ ደግሞ እዚያ ተቀምጠዋል፤ ትንሽ ማለስለስ ለሚወዱት ሰውዬ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ቦታው ደረሰ። እናትየዋ ጠየቀች። ቀመር ጥያቄውን በተሰበረው ድምፅ አለችው። መጋረጃው ላይ የሽማግሌው ከንፈር ተከፈተ።

«በሩን ዛሬም ቢሆን እዘጋዋለሁ» አለች ቀመር በኦርዳን ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ ሳታፈጥንና ሳታለሳልስ። «ሕዝብ ነው የጫንኩት። አንቺንም አፉ በይኝ አልልሽም፣ ልጆቼንም አልልም።»

ቤቱ ተናወጠ።

«ውይ አንተ ሰው!» አለች አልታየች ከሴቶቹ በኩል።

«ቀመር፣ በደንብ ተርጉሚው እንጂ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ጮኸ። «እንዲህማ ሊል አይችልም!»

ቀመር የኦርዳንን ድምፅ ትታ በራሷ ድምፅ፣ በማይኩ መለሰችለት። «ያለው ይህንኑ ነው። እኔ ያላለውን አልልላችሁም።»

ፊልሙ ቀጠለ። ኔላ መሪውን ጨበጠች። አባቷን አልገደለችውም፣ አላቀፈችውምም፤ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ሰጥታው መርከቧን ወደ በረዶው ጨረቃ፣ ወደ እናቷ አዞረች። ካይም ከጎኗ ቆመ። ብርሃኑ ጠፋና ብርድ ልብሶቹ ሲነሱ ሰዉ ዓይኑን እያሻሸ አግዳሚዎቹን አዞረ።

ሽምግልናው ወዲያው ተቀመጠ። አራጌ ኦርዳን ካሣ ከፍሎ ከቤተሰብ ይገለል አለ። አልታየች ተነስታ፣ «ልጅቱ የፈረደችው ይበቃል። አፉ በሉኝ ያላለን ሰው አፉ በሉኝ በል ብሎ ማስገደድ ምን ይፈይዳል? ቢያንስ የሚያስበውን አወቁት። አሁን እንዴት እንደሚኖሩ ራሳቸው ያውቁታል» አለች። ብዙ ሴቶች ደገፏት። ሸህ አብዱልጀሊል ጢማቸውን ይዘው አዳመጡ።

ክርክሩ ሲበርድ አራጌ ሳቢርን አየው። «አንተ የቴሌቪዥኑ ካይም አይደለህም? ና ወዲህ። አማርኛችንን በሳሙና ያጠብከው አንተ ነህ አሉ።»

«ተው እንጂ አያ አራጌ» አለ ሳቢር ፊቱ እየቀላ።

«እኔማ እተወዋለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ የማደምጠው የሷን ነው።» አራጌ ቀመር ወዳለችበት ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ዛሬ ያደረግሽውን አይተናል። ከአዛዥ አፍ ላይ ቃል አልሰረቅሽም። እድሜ ይስጥሽ።» ሰዉ እየተከተለ መረቃት፤ ሙስሊሙ በራሱ፣ ክርስቲያኑ በራሱ፤ «አላህ ይጠብቅሽ»፣ «እመብርሃን ትጠብቅሽ» እየተባለ ወጡ። ቀመር ማይኩን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማ ተቀበለች። ትምህርት ቤት የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷት ያውቃል፤ እንዲህ ቀጥ ብላ የቆመችበት ቀን ግን አልነበረም።

አዳራሹ ውስጥ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። ሳቢር የቀመርን ፊት ማየት አቅቶት አግዳሚ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ሸህ አብዱልጀሊል በመሀላቸው ቆሙ።

«ቀመሬ» አሉ፣ «ወንድምሽ ማለት የፈለገው፣ ያኔ ልጅ ነበር፣ አላወቀም፣ አሁን ግን ልቡ...»

«አባ፣ ይተዉት» አለች ቀመር። አልጮኸችም፤ እጃቸውን ያዘቻቸው። «የሚለው ነገር ካለው እሱ ራሱ ይበል። የማይል ከሆነም አልል ይበል። ብቻ አንቱ አይንገሩኝ።»

ሸህ አብዱልጀሊል ቀስ ብለው ሄደው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

ሳቢር የያዘውን አግዳሚ አስቀመጠ። «ልጅ ስለሆንኩ አልነበረም» አለ። «ትርጉሙን ማን ሠራው ሲሉኝ እኔ አልኩ። አፌ ላይ መጣ፣ አልኩት። እህቴ ናት ብል አንቺን ወስደው እኔን የሚተዉኝ መሰለኝ። እኔ ድምፅ ብቻ ነኝ፣ ቃሉ ያንቺ ነው። ያቺ ልጅ ያንቺን ቃል ስትናገር ስቱዲዮ ተቀምጬ ሰማኋት። አላፈርኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ያፈርኩት ኋላ ነው። ሰዉ የመካነ ሰላሟ፣ የመካነ ሰላሟ ሲል። እና... አላለቀስኩም። ብደውልም አንድ ቀን እንኳ ከልቤ ለዚህ ብዬ አልደወልኩም። አሁን ነው የምልሽ። አፉ በይኝ።»

ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ማንም አላለሰለሰውም። እንዲያ ሆኖ ሲደርሳት ከብዶ ተቀመጠ።

«ዛሬ አልልህም» አለች። «ልዋሽህ አልፈልግም። ግን ሰምቼሃለሁ። እስከ ዛሬ ከደረሰኝ ሁሉ ያንተ የሆነው ይህ ብቻ ነው።»

ሳቢር ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ቀላ፤ ግን አላለቀሰም።

ጥግ ላይ ሸህ አብዱልጀሊል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያን ሰውዬ አፉ በሉኝ አሰኝተሽ ታስታርቂያቸዋለሽ ብዬ ነበር» አሉ። «ተመኝቼም ነበር፤ አልዋሽሽም። አላልሽም። እኔ ልጅ ሳስቀራ አንዲት ፊደል እንዲዘሉብኝ አልፈቅድም፤ ከተዘለለች ትርጉሙ ይሄዳል፣ ያልተጻፈ ሲጨመርም እንደዚያው። ግድግዳውን ተደግፌ ስሰማሽ ይኼን ከማን ተማረች እል ነበር።» ተነሱ። «ከቤቴ ነው የወጣው ለካ። በራሴ ላይ ግን አልሠራሁበትም።» ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሲያልፉም መዳፋቸውን የሴት ልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉ። ቀመር ልጅ ሳለች አንድ የቁርአን ጁዝ ስትጨርስ እንዲያ ያደርጉላት ነበር።

የሳቢር ስልክ ጠራ። ከጣቢያው ነበር፤ አዘጋጁ ምስክር ይባላል።

«ስጠኝ» አለች ቀመር።

ሰውዬው በትሕትና አመሰገናት፣ አሞገሳት፣ ሳቢር የነገራትን ደግሞ ነገራት። እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አቶ ምስክር፣ ሰዉ የወደደው ይህንኑ አማርኛ ነው አይደል? እንግዲያውስ እንደምናገረው እናገራለሁ» አለች። «ድሮ የወሰዳችሁት ትርጉም ላይ ስሜ ይጻፍ፣ አዲሱም ላይ። ቀረጻው እዚሁ መካነ ሰላም ይሁን፤ ሰኞ ተማሪዎች ይጠብቁኛል።»

«ይኼን... ከበላዮቼ ጋር መማከር አለብኝ» አለ አዘጋጁ።

«አማክሩ። ሁለቱም መልስ ለእኔ ያው ነው፤ እኔ እንደሆን ነገም እናገራለሁ።» ስልኩን ዘግታ መለሰችለት።

ሳቢር ስልኩን በእጁ እያገላበጠ ቆየ። «እምቢ ቢሉስ?»

«ቢሉ አሉ።» ማይኩን ከገመዱ ነቅላ መጠቅለል ጀመረች። ይህን በማለቷ ደስ አላት።

«እንግዲህ እኔ ከማለዳው ሚኒባስ ጋር እመለሳለሁ» አለ ሳቢር። «ወንበር ይዣለሁ። ከአባ ጋር ልደር።»

ቀመር ገመዱን እየጠቀለለች አየችው። ኮቱ አሁንም አግዳሚው ላይ ተጥሏል፤ ሸሚዙ እንደ ድሮው ክንዱ ላይ ተሰብስቧል። አራት ዓመት ሙሉ ካይምን ብቻዋን ስትናገረው ጉሮሮዋ ይሻክር ነበር። አፉ ልትለው አልቻለችም፤ መቼ እንደምትልም አታውቅም። ይህን ግን ታውቃለች።

«ለሾፌሩ ደውልለትና ወንበሩን ለሌላ ይስጠው» አለችው። «ነገ ፊልሙን ለማየት ከወግዲ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ካይምን አንተ ትናገራለህ።»